በአያቱ ቤት ያረፈው ጄት

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። እናት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ልጅ የት ይዋል? ምንስ ሲሠራ ይዋል? ጥያቄው ለቢሮ ሠራተኛዋም፣ ለፋብሪካ ሠራተኛዋም፣ ጉልት ነግዳ ለምታድረውም እናት አንድ ነው። ባለፈው ክረምት ይኸው ጥያቄ ለእኔም ደርሶኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእናቴ ቤት ነው፤ ያውም ከአንድ የቤተሰብ ክርክር በኋላ ነው። ክርክሩን ለእናቶች ማካፈል የፈለግሁት ተመሳሳይ ነገር በሌላም ቤት እንደሚያጋጥም ስለማምን ነው።

የ13 ዓመት ወንድ ልጄና የ10 ዓመት ሴት ልጄ ክረምቱን ከአያታቸው ጋር እንዲያሳልፉ ልኬአቸው ነበር። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የምትገኝ፣ ስሟን ከጎኗ ካለው ሐይቅ ያገኘች ከተማ ናት። እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ተከተልኳቸው። ከቤት ስደርስ ግን የጠበቀኝ ክስ ነበር። ልጄ ከመደቡ ጫፍ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እናቴ የጀመረችውን የሰፌድ ስፌት ከጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ ጣሪያው አመለከተችኝ። ከአንድ ስንዝር ተኩል ብዙም የማይበልጥ፣ ገና ቀለም ያልነካው የካርቶን አይሮፕላን ከማገሩ ላይ በክር ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይዞራል። አፍንጫው ሹል፣ ክንፉ አጭር ነው። የመንገደኞች አይሮፕላን እንዳልሆነ ላየው ሁሉ ግልጽ ነው።

«ይኸን ነገር ከራሴ ላይ አውርጅልኝ» አለችኝ። «ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን ከሥሩ መተኛት አልችልም።»

እናቴ ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በሐይቅ በኩል ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲዘልቅ፣ እንደ ብዙው የአካባቢው ሰው እርሷም ቤቷን ቆልፋ እስከ ደብረ ብርሃን ተሰድዳለች። ከዚያ ወዲህ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ከእርሷ በፊት የነበረው ትውልድም ነገሩን ያውቀዋል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በከተማይቱ ነበሩ፤ ሆስፒታሉ እንኳ ከመመታት አልዳነም። እናቴ የዚያን ቀን ወሬ ከእናቷ አፍ እየሰማች ያደገች ሴት ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጁ ሦስት ሳምንት የደከመበትን ሥራ ቀዶ ይጣለው? ወይስ አያት በገዛ ቤቷ እንቅልፍ ትጣ? ፍርዱ ለእኔ ተተወ። ከመፍረዴ በፊት ግን ልጁ ምን እንደሠራና እንዴት እንደሠራው መጠየቅ ነበረብኝ።

ሥራው እንዴት ተጀመረ?

በአገራችን የጭቃ በሬ፣ የሽቦ መኪና፣ የአገዳ ጋሪ ሳይሠራ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። በአምባሰል ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ከሚገኙ ዘመዶቻችን ቤት፣ ያለፈው ዓመት የማሽላ አገዳ በክረምትም ደርቆ ተከምሮ ይገኛል። ልጆቹ ለጥየቃ ሄደው አንድ እስር አገዳ ይዘው ተመለሱ። የአገዳው ልጣጭ ጠንካራ ስለሆነ ለዘንግ፣ ውስጡ ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ለአካል ይሆናል። የቀረው የጫማ ካርቶንና አሮጌ ጋዜጣ ነው።

ልጄ የመረጠው ኤፍ 5 ኢ የተባለውን አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ጄት ነው። የመረጠበትን ምክንያት ስጠይቀው አባቱ ስለ ኦጋዴን ጦርነት ሲያወራ መስማቱን ነገረኝ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የኤፍ 5ን የመጀመሪያ ዓይነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ የተሻሻለው ኢ ደግሞ ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ገብቷል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ሲገፋ ከሶቪየት ሠራሾቹ ሚጎች ጋር በአየር ላይ የተፋለሙት እነዚህ አይሮፕላኖች ናቸው።

ሥዕሉ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የሚታየውን የሚያሳይ ነው። ከስልክ ላይ ተገኝቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ታተመ። ከዚህ በኋላ የመጣው ሂሳብ ነው። እውነተኛው አይሮፕላን 14 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ የወሰደው ልኬት 1 ለ48 ነው። ይህም ማለት በእውነተኛው ላይ 48 ሳንቲ ሜትር የሆነው በሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። 1,445 ለ48 ሲካፈል ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 813 ለ48 ሲካፈል ክንፉ 17 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በትምህርት ቤት ስለ ንጽጽር ሲማር ፊቱን ያጠቁር የነበረ ልጅ፣ ለአንዲት ክንፍ ሲል ሃያ ጊዜ ሲያካፍልና ሲያባዛ ሰነበተ።

አካሉ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የአይሮፕላኑ ሆድ በየቦታው ቢቆረጥ የሚኖረውን ቅርፅ የያዙ የካርቶን ቁራጮች ይዘጋጃሉ። እነዚህ እንደ ጎድን አጥንት ተራ በተራ ቆመው በአገዳ ልጣጭ ይያያዛሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ በለስላሳው የአገዳ ውስጥ ይሞላል። ከዚያ በኋላ በቀጭኑ የተቆረጠ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየተነከረ ይለበጣል። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ እስኪወፍር በእሳት ላይ ሲማሰል ጥሩ ሙጫ ይሆናል። አንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ ግን ውስጡ ይሻግታል፤ በሐይቅ ክረምት አንድ ንብር ለመድረቅ ሁለት ቀን ፈጅቷል። በመጨረሻም ጎርበጥባጣው በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በታሸገ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራ ሲሆን ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ የፕላስቲክ አይሮፕላን ሞዴሎች ፍሮግ በተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1 ለ72 ልኬት ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግማሽ ሚሊዮን ያህል የእንጨት ሞዴል በትምህርት ቤት ልጆች እንዲሠራለት ጠይቋል። ዓላማው ወታደሮች የወዳጅን አይሮፕላን ከጠላት በቅርፁ እንዲለዩ ማስተማር ነበር። ከመልኩ አንዲት ስንኳ የተዛባች ክንፍ ሰውን ልታሳስት ስለምትችል፣ ልኩን ያልጠበቀ ሞዴል ተቀባይነት አልነበረውም።

የአያት ፍርድ

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ሥራውን ማስጣል አልሆነልኝም። የእናቴንም ፍርሃት አቃልዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ልጁ ራሱ ለአያቱ እንዲያስረዳ አደረግሁ። እርሱም ሞዴሉን ከማገሩ አውርዶ ከፊቷ አስቀመጠና ውስጡ እንዴት እንደተሠራ፣ የትኛው ቁራጭ ከየት እንደመጣ ነገራት። እናቴ ስፌት አዋቂ ናት። አገላብጣ ካየችው በኋላ የግራውን ክንፍ በጣቷ ነክታ «ይኸኛው ዘሟል» አለች። በማስመሪያ ሲለካ እውነትም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዘሞ ተገኘ። ሰፌድ ከመሐሉ ከተጣመመ እስከ ጠርዙ እንደተጣመመ ይሄዳል፤ መፍትሔውም ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ልጁ ክንፉን ነቅሎ እንደገና ተከለው።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችው ጥያቄ ሌላ ነበር። «ሰውዬው የታለ? ይኸ የሚያበርረው?»

ልጁ መልስ አጣ። ጎማው ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ መስተዋቱ የተዘጋ፣ በሰማይ የሚበርር ጄት ነበር ያሰበው፤ ለአብራሪው ቦታ አልሠራም። በዚህ ጊዜ በኦጋዴን ጦርነት በኤፍ 5 ስለተዋጉት ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ አጫወትኩት። የጠላት አይሮፕላኖችን ጥለው ስማቸው የገነነው እኚህ አብራሪ፣ በኋላ አይሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወድቀው 11 ዓመት በእስር ቆይተዋል። ልጄ ድሉን ሰምቶ ነበር፤ ዐሥራ አንዱን ዓመት ግን አልሰማም። ጣቶቹን አጥፎ ሲቆጥር አየሁት። እርሱ ከተወለደ ጀምሮ ካለው ዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ የሚያንስ ጊዜ ነው። እናቴ ቦምብ ከሚወርድበት ቤት ሆና፣ እኔም ዘማች ከሚጠበቅበት ቤት ሆነን ነገሩን እንደምናየው ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳ መሰለኝ።

በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ነው። «እማማ፣ ጎማው ወጥቶ መሬት ላይ ቢቆምስ? መስተዋቱም ተከፍቶ፣ ሰውየው ወርዶ ከጎኑ ቢቆም?»

እናቴ ጥቂት አሰበችና «ካረፈስ ይቀመጥ» አለች። «አብሽር፤ ያረፈ አያስፈራኝም።»

ለማረፍ የተከፈለው ድካም

ሞዴል ሠሪዎች እንደሚያውቁት፣ ጎማው የታጠፈ አይሮፕላን ከመሥራት ያረፈውን መሥራት በብዙ ይከብዳል። መስተዋቱ ከተከፈተ ውስጡ ይታያልና ወንበሩና የመሣሪያዎቹ ሰሌዳ መሠራት አለባቸው። መስተዋቱ ከውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ትከሻ፣ ጎበጥ ካለው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ሦስቱ የማረፊያ እግሮች ከወረቀት ክሊፕ ሽቦ ተጣመሙ። የዋናዎቹ ጎማዎች ስፋት በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሞዴሉ 1 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ክብ ነገር በእጅ መቁረጥ አስቸጋሪ ነው። እናቴ የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን አምጥታ በትናቸው፤ ሁለት የቀሚስ ቁልፍና አንድ አነስ ያለ የሸሚዝ ቁልፍ ተለክተው ጎማ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የደረሰው ነገር ልጁን አስለቀሰው። በእግሮቹ ሲያቆመው አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጭራው ቁጭ አለ። ኋላው ከብዷል። ተንጠልጥሎ ሳለ ክሩ ሚዛኑን ይጠብቅለት ስለነበር ይህ አልታወቀም። መላው አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ነው፤ አፍንጫው ግን ተለብጦ፣ በስቱኮ ተሞልቶና ለስልሶ አልቋል። ያን ዕለት ማታ ሥራውን ጥሎ ተኛ። በማግሥቱ ጠዋት ሳይነገረው ተነሥቶ አፍንጫውን በጥንቃቄ ቆርጦ ከፈተ፤ ሁለት የብሎን ዳዶዎች ወተፈበትና እንደገና ለበጠው። አይሮፕላኑ በሦስት እግሩ ቆመ። ለእኔ የክረምቱ ትልቅ ትምህርት ይህ ነው። ልጅ ጨርሻለሁ ያለውን ሥራ በገዛ እጁ ከፍቶ ማረም ከቻለ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይማራል?

ቀለምና የእኅት ድርሻ

ቀለም መቀባቱ ላይ እኅቱ ገባች። እጇ ከእርሱ ይልቅ የረጋ ነው። አስቀድሞ ሁለመናው ስስ ነጭ ቀለም ተቀባ፤ ነጩ ስቱኮ ያልደፈነውን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል። ከዚያ ከሥር ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ከላይ አሸዋማ፣ ቡናማና አረንጓዴ ሆነ። እንዲህ መቀባቱ ለጌጥ አይደለም፤ ከላይ ለሚያየው ከመሬቱ፣ ከታች ለሚያየው ከሰማዩ ጋር እንዲመሳሰል ነው። ቀለሙ አንዴ በወፍራሙ ከሚቀባ ሦስት ጊዜ በስሱ ቢቀባ ይመረጣል። የቀለሞቹን ድንበር ለመጠበቅ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ፕላስተሩ ሲነሣ ቀለሙን እንዳይልጥ ግን አስቀድሞ ጨርቅ ላይ ተለጥፎ ኃይሉ መቀነስ አለበት።

የአይሮፕላኑን ቆርቆሮዎች መገጣጠሚያ የሚያሳዩት ቀጫጭን መሥመሮች በአያት ወስፌ በስሱ ተጫሩ። በዚያው አካባቢ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መጻሕፍት ሲጻፉ ኖረዋል። የብራና ጸሐፊም ቀለም ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ ያሰምራልም። ወስፌ የወሎ እናት ለመሶቧ፣ ጸሐፊው ለብራናው፣ ልጆቼ ደግሞ ለጄት ተጠቀሙበት። ጭረቶቹ ጎልተው እንዲታዩ ጠቆር ያለ ውኃ መሰል ቀለም ያስፈልግ ነበር። ሴት ልጄ ከጀበና የተረፈውን የበረካ አተላ አጥልላ በቀጭን ብሩሽ አስኬደችበት፤ ልክ የዘይት ጉድፍ መሰለ። የሞተሮቹ መውጫ ደግሞ ግራጫ ተቀብቶ በለስላሳ እርሳስ ዱቄት ሲታሽ የብረት ወዝ አወጣ።

«እማዬ፣ ሴት ይኸን ታበራለች?» ብላ የጠየቀችኝ ብሩሹን እያጠበች ነው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆናቸውን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ባንኮክ የሄደ አይሮፕላን ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ በሴቶች ብቻ መብረሩን ነገርኳት። መሥራትንም በተመለከተ፣ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ስለሠራው ሁለት ሰው ስለሚይዝ አይሮፕላን አጫወትኳት። ስሟ «ፀሐይ» ነበር፤ በኋላ በእንግሊዝ አገር ነርስነት በተማሩት በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ናት። በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ በሙዚየም ኖረች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። «እርሷም አረፈች ማለት ነው» አለች ልጄ።

በመጨረሻ የተሠራው አብራሪው ነው። 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው በ1 ለ48 ልኬት 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከአገዳ ውስጥ ተቀርፆ፣ የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ከመሰላሉ ሥር ቆመ።

ለእናቶች ጥቂት ምክር

ይህን ሥራ በቤታችሁ ለማስጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በእኛ ቤት የተገዛው ሁለት ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ የውኃ ቀለም ሣጥን፣ ሁለት ብሩሽና ጥቂት ስቱኮ ብቻ ነው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል።

ምላጭና መቁረጫ ያለ ዐዋቂ መያዝ የለበትም፤ ሲቆረጥም በብረት ማስመሪያ ተደግፎ፣ ከጣት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሁን። ቲነር ያለበት ቀለምና ጠንካራ ሽታ ያለው ሙጫ ከከሰል ምድጃ ርቆ፣ በረንዳ ላይ ይሠራበት፤ ለልጆች የሚሻለው በውኃ የሚበጠበጠው ቀለም ነው። ከቤት የተረፈ አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ለልጅ አይሰጥ። ብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሁን። ቁልፍ፣ ዳዶና ስፒል ሕፃናት ከሚደርሱበት ይራቅ።

ከሁሉ በላይ ሥራው ጊዜ ይፈልጋል። የእኛው ከሰባት ሳምንት በላይ ወስዷል። በመካከሉ ልጁ ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ እናት ሥራውን ተቀብላ ልትጨርስለት አይገባም፤ እንዲያርፍ ፈቅዳ ነገ እንዲመለስበት መጠበቅ ይበቃል።

የጦር መሣሪያ አምሳያ መሥራት ልጅን ጦረኛ ያደርገዋል ብለው የሚሰጉ እናቶች አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ እናቴም አንዷ ነበረች። ነገር ግን ልጅ ጄትን በስልክ ጨዋታ ላይ፣ በዜናም ላይ ያየዋል፤ ከልክለን አንዘልቀውም። ልንሠራ የምንችለው በእጁ እየሠራ ሳለ አጠገቡ ተቀምጠን፣ ይህ ነገር ማንን ጠበቀ? በማን ላይስ ወረደ? ውስጡ የነበረው ሰው ምን ሆነ? ብለን መጠየቅ ነው። የቤቱ አዛውንት የሚያውቁትን ይንገሩት። ልጁም ሥራውን ሳይጥል እውነቱን ይይዛል።

ዛሬ ያ ጄት ሐይቅ ከተማ በእናቴ ቤት፣ ከቡፌው ላይ ከመሶቧ ጎን በሦስት እግሩ ቆሟል። ልጄ ወደ አዲስ አበባ ይዞት ሊመጣ ፈልጎ ነበር፤ አያቱ ግን «ጎማው የእኔ ነው» ብላ አስቀረችው። ጎረቤት ለቡና ሲመጣ የምታሳየው እርሷ ናት። መጀመሪያ የምታሳየውም ጄቱን አይደለም፤ ከመሰላሉ ሥር የቆመውን ሰው ነው።